ያላቃጠልኳቸው የክብ ካርታዎች

ይህን መጻፍ ከጀመርኩ አምስተኛ ቀኔ ነው። ጠዋት ሁለት ሦስት መስመር እጽፍና ወደ ስፌቴ እመለሳለሁ። ከሰዓት በኋላ የጻፍኩትን አነብና ግማሹን እሰርዛለሁ። ባለቤቴ ይመር ቢኖር ኖሮ “ፋጤ፣ መሰረዝም ሥራ ነው” ይለኝ ነበር። እሱ ከሞተ ወዲህ ግን የሰረዝኩትን አይቶ የሚስቅብኝ የለም። ስለዚህ እናንተ አንባቢዎቼ ብትታገሡኝ፣ በአንዲት የኅዳር ቀን ከጠዋት እስከ ከሰዓት በኋላ የሆነውን በዝግታ ልንገራችሁ።

ያኔ እኔ በሐይቅ ከተማ ከአስፋልቱ ትንሽ ገባ ባለች ቤት የምኖር ልብስ ሰፊ ነበርኩ፤ ዛሬም ነኝ። እስከ ዐሥረኛ ክፍል ተምሬያለሁ። ይመር የሒሳብ መምህር ነበር። ትውልዱ አምባሰል፣ ከውጫሌ ከፍ ብሎ ባለ መንደር ነው። በጋብቻችን ዘመን ሁሉ “መምህር” እያልኩ ነበር የምጠራው፤ ግማሹ አክብሮት፣ ግማሹ ቀልድ ነው። አሏህ ልጅ አልሰጠንም፤ የሰው ልጆች ግን ቤታችንን ሞልተውት ነበር። በተለይ ኅዳር ዐሥራ አራት ቀን።

ኅዳር ዐሥራ አራት የይመር በዓል ነው። ምን እንደሆነ አስቀድሜ ካልነገርኳችሁ የሚከተለው ሁሉ እብደት ይመስላችኋል። ማንኛውንም ክብ ነገር ዙሪያውን በሲባጎ ለኩ። ያንኑ ሲባጎ በክቡ መሀል ከዳር እስከ ዳር ብታመላልሱት ሦስት ጊዜ ይደርሳል፤ ከሦስቱ በኋላም ጥቂት ትተርፋለች። የሻይ ብርጭቆ አፍ ይሁን የከተማ አደባባይ፣ ሁልጊዜ ሦስት ከትርፍ ነው። ቁጥሯ ሦስት ነጥብ አንድ አራት ብላ ትጀምርና ማለቂያ የላትም። ፓይ ይሏታል። በሌላው ዓለም ያሉ የሒሳብ ሰዎች በፈረንጆች ሦስተኛ ወር፣ በዐሥራ አራተኛው ቀን በዓሏን ያከብራሉ። ያ ቀን በእኛ አቆጣጠር መጋቢት አምስት ይውላል።

ይመር ይህን አልቀበልም አለ። “መጋቢት አምስት ውስጥ ሦስት የት አለ? ዐሥራ አራትስ የት አለ?” ይል ነበር። ከመስከረም ሲቆጠር ሦስተኛው ወር ኅዳር ነው፤ እንግዲህ በዓሉ ኅዳር ዐሥራ አራት ነው አለና ደነገገ። ባልደረቦቹ “ይመር የራሱን ታቦት አስገባ” እያሉ ሲያሾፉበት ኖሩ። እሱ ግን ሌላም ምክንያት ነበረው። በኅዳር ገበሬው እህሉን አጭዶ አውድማውን በእበት ይለቀልቃል። አገሩ ሁሉ አዲስ በተሠሩ ክቦች ይሞላል። በመጋቢት ብትሄድ አንድም አታገኝም።

አከባበሩ እንዲህ ነበር። ተማሪዎቹ ከበዓሉ ሳምንት በፊት ኢንተርኔት ቤት ሄደው የሐይቅንና የአምባሰልን የሳተላይት ካርታ ያወጣሉ። ከዚያ ክብ ፍለጋ ነው። የአውድማ ነጠብጣብ፣ የጎጆ ጣሪያ፣ የውሃ ታንከር፣ ክብ ቤተ ክርስቲያን፣ ያገኙትን በቀይ እስክሪብቶ ይከባሉ። በበዓሉ ቀን ጠዋት በእግራቸው ቦታው ድረስ ሄደው በሲባጎ ይለኩታል፤ ዙሪያውን፣ አግድሙን፣ ስንት ጊዜ እንደደረሰ በካርታው ላይ ጽፈው ከግርጌው ቀኑን ያሰፍራሉ። ሐይቁን ራሱን ክብ ነው ብሎ ያመጣ ተማሪ በየዓመቱ አይጠፋም ነበር። ይመርም “ክብ የመሰለ ሁሉ ክብ አይደለም፤ ዞረህ ና” ብሎ ይሰደዋል። አንድ ደንብ ነበረው፤ ሲባጎ ለአንድ ሰው አይሆንም፣ ሌላውን ጫፍ የሚይዝ ይኑር። አንድ የክርስቲያን ልጅ በሰፈሩ የቤተ ክርስቲያኑን ግድግዳ ሲለካ ሌላውን ጫፍ የያዙለት ቄሱ ነበሩ።

እኔ ድርሻዬ ክብ ዳቦ መጋገር ነበር። ይመር ሳይለካ ማንም እንዲቆርሰው አይፈቅድም። ዳቦው እየበረደ ልጆቹ ምራቃቸውን ሲውጡ እኔ እናደዳለሁ።

“እኔ የሰው ወገብ ስለካ ቀሚስ ይወጣል፤ አንተ የአውድማ ወገብ ለክተህ ምን ይወጣል?” እለው ነበር።

“ትርፏ ትወጣለች” ይለኛል።

ለውጥ መጣ በተባለበት ሰሞን በዓሉ ደምቆ ነበር። ልጆቹ ሁሉም ነገር የሚለካና የሚስተካከል መስሏቸው ነበር፤ እውነቱን ለመናገር እኛም መስሎን ነበር። ከዚያ ጦርነቱ መጣ።

ከተማችን በታጣቂዎች እጅ በገባች ጊዜ ብዙ ሰው ወደ ደሴና ከዚያም ወዲያ ሸሸ። እኛ አልሄድንም። ይመር የስኳር በሽተኛ ነበርና እግሩ ላይ የማይድን ቁስል ወጥቶበት ነበር። መብራትም ስልክም የለም፤ ትምህርት ቤቱ ተዘግቷል። የቤት ለቤት ፍተሻ ተጀመረ። የደንብ ልብስ ፎቶ የተገኘበት ተወሰደ፣ ካርታ የተገኘበት ተወሰደ የሚል ወሬ ከቤት ቤት ይሄድ ጀመር።

ኅዳር ዐሥራ ሁለት ቀን እንደምታውቁት ኅዳር ሲታጠን ነው። ከተሜው ቆሻሻውን ጠርጎ ደጅ ያቃጥላል፤ እስላሙም ክርስቲያኑም ያጨሳል። ያን ዓመት እንኳ በፍርሃትም ቢሆን ያጨሰ ነበር። ይመር የዓመታቱን ካርታዎች በገመድ አስሮ አመጣልኝ።

“ዛሬ ጭስ አይጠረጠርም። ከቆሻሻው ጋር አቃጥዪው” አለኝ። ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ነበር።

ወደ ደጅ ወጣሁ። ቆሻሻውን ለኮስኩ። ካርታዎቹን ግን አላቃጠልኩም።

ለራሴ የነገርኩት ምክንያት ወረቀቱ ልብስ የምቆርጥበት ቅድ ይሆነኛል የሚል ነበር። ልብስ ሰፊ ወረቀት አይጥልም። እውነቱ ግን ሌላ ነው። የእስሩ የታችኛው ወረቀት ከሁሉም የቆየው ነው። በተጋባን ዓመት፣ የሳተላይት ካርታ የሚባል ነገር በከተማችን ሳይኖር፣ ይመር በእጁ የሳለው። ከውጫሌ የሚወጣው መንገድ፣ ጅረቱ፣ ሾላው፣ ከሾላው በላይ የአባቱ አውድማ። ያን ቀን የሲባጎውን ሌላ ጫፍ ይዤ በአውድማው ዙሪያ የዞርኩት እኔ ነበርኩ። አማቴ ከዳር ቆመው “ሙሽራይቱን እንደ በሬ ታዞራት ጀመር?” ብለው ሲስቁ ዛሬም ይሰማኛል። ያንን ወረቀት ወደ እሳት ማስገባት እጄ እምቢ አለ። ከመሀል እሱን ብቻ ማውጣት እችል ነበር፤ ግን እስሩን ፈትቼ መምረጥ ስጀምር በእያንዳንዱ ላይ የአንድ ልጅ እጅ ጽሕፈት አየሁ። እንዳለ ጠቅልዬ ከጨርቅ ሣጥኔ ሥር ከተትኩት።

ገብቼ “አቃጠልኩት” አልኩት።

“ደግ አደረግሽ” አለኝ። ያን ማታ ራት አልበላም።

ኅዳር ዐሥራ አራት ጠዋት ይመር በራፍ ላይ ፀሐይ እየሞቀ ነበር። ሌላ ዓመት ቢሆን በዚያ ሰዓት ቤቱ በልጅ ይሞላ ነበር። እኔ ከተረፈችን የማሽላ ዱቄት ትንሽ ዳቦ ጋግሬ ነበር፤ ስለ በዓሉ አልተነጋገርንም። ሦስት ታጣቂዎች መጡ። አንደኛው ጦር መሣሪያ፣ ሰነድ፣ ካርታ እንዳለ ጠየቀ። ይመር ካርታ ነበረኝ፣ አቃጥለነዋል፣ አሁን የለም አለ። ሰውየው አላመነውም መሰለኝ፣ እርግጠኛ ነህ ወይ ብሎ ደገመው።

“ወላሂ፣ በዚህ ቤት ካርታ የለም” አለ ይመር።

ይመር በትዳር ዘመናችን ሲምል ሰምቼው አላውቅም። ለማይረባ ነገር የአሏህን ስም አልጠራም የሚል ሰው ነው። ያን ቀን የማለው በእኔ ቃል ተማምኖ ነው። ያን ጊዜ መናገር ነበረብኝ፤ አልተናገርኩም። ከሣጥኑ ይልቅ አልጋውን ያዩ ይሆናል ብዬ ተስፋ አደረግሁ። በመጀመሪያ የከፈቱት ሣጥኑን ነበር።

እስሩ ሲፈታ ይመር ወደ እኔ ተመለከተ። የቁጣ እይታ አልነበረም። ተማሪ ሰሌዳ ላይ ተሳስቶ ሲቆም፣ ስህተቱን ራሱ እስኪያገኘው ዝም ብሎ እንደሚጠብቀው ነበር ያየኝ። ከዚያ ካርታዎቹንም እሱንም ይዘው ሄዱ። ነጠላ ጫማ እንዳደረገ ነበር፤ ቁርስ አልበላም፤ መድኃኒቱም መደርደሪያው ላይ ቀረ።

ጎረቤቴ ሰዓዳ ስትሮጥ መጣች። ሰዓዳ የይመር ተማሪ የነበረች ናት። አረብ አገር ሠርታ ከተመለሰች ሁለት ዓመት ሆኗት ነበር። የውሃ ታንከሩን በካርታ ላይ መጀመሪያ ያገኘችው እሷ ናት፤ ዓመቱን ሙሉ ስትኩራራበት ነበር። ዳቦውንና መድኃኒቱን በፎጣ ቋጠርኩ።

“እትዬ፣ ብቻዎን አይሄዱም” አለችኝ።

በመንገድ ላይ ምን ማድረግ እንዳለብኝ ስትመክረኝ ነበር። ገና ከበሩ ሲደርሱ ያልቅሱ፣ እኔ ፓስፖርቴን ከማዳሜ ያስመለስኩት አልቅሼ ነው አለች። ሳልፈልግ ፈገግ አልኩ። ማልቀስ ግን አልቻልኩም። በጆሮዬ የሚጮኸው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ይመርን ውሸታም ያደረግሁት እኔ ነኝ። ለእነዚያ ሰዎች ውሸታም ማለት ሰላይ ማለት እንደሆነ አውቃለሁ። ታጣቂዎቹ ሰው የሚያስሩበት ግቢ የገቡ ሰዎች እስከዚያ ቀን ሲመለሱ አልታዩም።

ግቢው የእህል መጋዘን ነበር። በሩ ላይ ጠመንጃ ያነገተች ወጣት ቆማለች። ጉዳያችንን ነገርናት፤ ጠብቁ አለችን። ፀሐዩ አናታችን ላይ እስኪወጣ አጥሩ ሥር ተቀመጥን። ስኳር ያለበት ሰው ሳይበላ ሲውል ምን እንደሚሆን ስለማውቅ ዐይኔን ከሚያጥረው ጥላ ላይ አላነሳሁም። ሦስት ጊዜ ተነስቼ ዳቦውን እንኳ አስገቡልኝ አልኩ። በአራተኛው ልጅቱ ገብታ ተመለሰችና አንቺ ግቢ አለችኝ። ሰዓዳን አስቀረቻት።

ይመር ግድግዳ ተደግፎ መሬት ላይ ተቀምጧል። ከንፈሩ ደርቋል። ከፊቱ ባለ ጠረጴዛ ላይ ካርታዎቹ ተዘርግተው፣ ጥግ ጥጋቸው ላይ ድንጋይ ተደርጎባቸዋል። አለቃቸው ሠላሳ ዓመት ገደማ የሚሆነው ቀጭን ሰው ነው። የመነጽሩ እጀታ በሽቦ ታስሯል። አማርኛው የጠራ ነበር። ቀና ብሎ ሳያየኝ በጣቱ ካርታዎቹን እየነካ ተናገረ። ይህ የውሃ ታንከር ነው፣ ይህ ቤተ ክርስቲያን ነው፣ ይህ ስታዲየም ነው፤ ሁሉም በቀይ ተከቧል፣ በሁሉም አጠገብ ርቀት ተጽፏል አለ።

“ባለቤትዎ ካርታ የለም ብለው ምለዋል። ይህ ከሣጥን ሥር ነው የወጣው። ንጹሕ ሰው ምን ያስደብቀዋል?”

አፌን ሳልከፍት ይመር ከመሬት ተናገረ።

“እኔ ነኝ የደበቅሁት። እሷ አታውቅም።”

በሕይወቱ ሙሉ ያልዋሸ ሰው በአንድ ቀን ሁለት ውሸት፤ አንዱን በእኔ ምክንያት፣ አንዱን ለእኔ ሲል። አሁን እኔ ዝም ብል እሱ ይቀራል። ብናገር ምናልባት ሁለታችንም እንቀራለን። ግን አንድ ነገር ወለል ብሎ ታየኝ፤ እውነቱን ከእኔ በቀር የሚናገር ሰው በዚያ ግቢ ውስጥ አልነበረም።

“ውሸቱን ነው፤ የደበቅሁት እኔ ነኝ” አልኩ። “በኅዳር ሲታጠን ዕለት አቃጥዪው ብሎ ሰጠኝ። አቃጠልኩት አልኩት። እሱ በእኔ ቃል ነው የማለው።”

አለቃው ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብሎ አየኝ። ለምን አላቃጠሉትም አለኝ። ለስፌት ቅድ አልኩና አፈርኩ። ከዚያ ወደ ጠረጴዛው ቀርቤ ከካርታዎቹ ሥር በእጅ የተሳለውን ሳብኩት። ከአለቃው ኋላ የቆሙት ጠባቂዎች ወደፊት መጡ፤ እሱ በእጁ መለሳቸው። ይህ የአማቴ አውድማ ነው፣ የተጋባን ዓመት ነው፣ ሲባጎውን የያዝኩት እኔ ነኝ አልኩት።

“እሺ፣ አውድማ ለምን ይለካል?”

“በዓል ስለሆነ ነው።”

ጠባቂዎቹ ሳቁ። እሱ አልሳቀም። የምን በዓል ነው ብሎ ሲጠይቀኝ የቁጥር በዓል ነው፣ ፓይ የምትባል ቁጥር አለች አልኩ። ዓመታት ሙሉ ያሾፍኩበትን ስም እዚያ ቆሜ ስጠራው ድምፄ እንደ ጸሎት ሆነብኝ። አለቃው መነጽሩን አወለቀ። ሲናገር ድምፁ ጠነከረ።

“እናቴ፣ እኔ እዚህ ከመምጣቴ በፊት የምሕንድስና ተማሪ ነበርኩ። ያንን ቀን አውቀዋለሁ፣ ግቢ እያለን አክብረነዋል። መጋቢት ላይ ነው። እነዚህ ሁሉ ላይ ኅዳር፣ ኅዳር፣ ኅዳር ነው የተጻፈው። ይህን ውሸት ማን አስጠናዎት?”

ይመርን አየሁት። ዐይኑን ጨፍኖ ራሱን ግድግዳው ላይ አሳርፏል። ባልደረቦቹ ሲስቁበት የኖረው ነገር አሁን በገመድ ሊያሳስረው ነው። እሱ ሁልጊዜ የሚመልሰውን መልስ ግን እኔም በቃሌ አውቀዋለሁ፤ ዳቦ እየበረደ ስንት ጊዜ ሰምቼዋለሁ።

“መጋቢት የፈረንጆቹ ሦስተኛ ወር ነው፣ ልጄ። ለእኛ ስንተኛ ነው?”

መነጽሩን መልሶ አደረገ።

“ሦስት፣ ዐሥራ አራት አይደል ቁጥሩ? ከመስከረም ጀምረህ ቁጠርልኝ።”

ጠረጴዛው ላይ ያረፉት ጣቶቹ አንድ በአንድ ሲነሱ አየሁ። መስከረም። ጥቅምት። በሦስተኛው ጣቱ ላይ ቆመ።

“ዛሬ ቀኑ ስንት ነው?” አልኩት።

ወደ አንዱ ጠባቂ ዞረ። ጠባቂው በጣቶቹ ሲያሰላ ቆይቶ ዐሥራ አራት አለ። አለቃው ካርታዎቹን እንደገና ከግርጌያቸው ጀምሮ አያቸው፤ ኅዳር ዐሥራ አራት፣ ኅዳር ዐሥራ አራት፣ ዓመቱ ብቻ የሚለያይ፣ እጅ ጽሕፈቱ የሚለያይ።

“አሳዪኝ” አለ። አንቱታውን ትቶ ነበር፤ የቅድሙ ጠንካራ ድምፁ ግን አልነበረም።

የስፌት ሜትሬን ቤት ረስቼዋለሁ። ሲባጎም የለም። ግቢው መሀል አፉ የተቆረጠ የውሃ በርሜል ቆሟል። መቀነቴን ፈታሁ። በዚያ ሁሉ ወንድ ፊት መቀነት መፍታት ያሳፍራል፤ ያን ቀን ግን ከዚያ የሚበልጠውን ሐፍረቴን፣ ውሸቴን፣ ቀድሜ ስለተናገርኩ አላቅማማሁም። በበርሜሉ ወገብ ዙሪያ ጠመጠምኩትና ጫፉ የደረሰበትን ቋጠርኩ። ከዚያ አግድሙን ለመለካት ሌላ እጅ አስፈለገኝ።

“ጫፉን ያዝልኝ” አልኩት አለቃውን።

አመነታ። ከግድግዳው ሥር የይመር ድምፅ መጣ፤ የደከመ፣ ግን የክፍል ውስጥ ድምፁ።

“አጥብቀህ ያዝ። ከላላ ትርፏ ታመልጥሃለች።”

ያዘ። ከዳር እስከ ዳር አንድ። አጥፈን መለስነው፣ ሁለት። ሦስት። ከሦስቱ በኋላ እስከ ቋጠሮው ድረስ አራት ጣት የምታህል መቀነት ተንጠልጥላ ቀረች። አለቃው በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ መሀል ይዞ አያት። አንዱ ጠባቂ ጠጋ ብሎ “ሁልጊዜ ትተርፋለች?” ብሎ ጠየቀ። “ሁልጊዜ” አለው ይመር።

ከዚያ አለቃው “ባልሽን ይዘሽ ሂጂ” አለኝ። ካርታዎቹን ሰብስቦ መለሰልኝ። በእጅ የተሳለውን ግን አስቀረው። አጣጥፎ የደረት ኪሱ አጠገብ ይዞት ቆየ።

“ይህንን ልውሰደው?” አለ። ጠመንጃ ያለው ሰው ሲለምን ያን ቀን አየሁ።

እኔ ልሰጠው አልፈለግሁም፤ እዚህ ላይ አልዋሻችሁም። ይመር ግድግዳውን ይዞ እየተነሳ ነበር።

“ውሰደው። ግን ቁጥሩን አትመን። ሄደህ ራስህ ለካው” አለው።

ስንወጣ ከመጋዘኑ በር ኋላ የሰው ሳል ይሰማ ነበር። ከአንድ ሰው በላይ ነበሩ። እኔ ባሌን ደግፌ አለፍኩ። የእነሱም ሚስቶች አጥሩ ሥር ተቀምጠው ነበር፤ የሚያሳዩት ካርታ ግን አልነበራቸውም። በዚህ ታሪክ ተአምር ፈላጊ ካለ ይህንንም አብሮ ያንብብልኝ።

ከበሩ ውጭ ሰዓዳ ይመርን ስታይ፣ በሩ ላይ አልቅሱ ስትለኝ የነበረችው ልጅ፣ ራሷ ተንሰቅስቃ አለቀሰች። መንገድ ዳር ድንጋይ ላይ አስቀመጥነውና መድኃኒቱን ሰጠሁት። ዳቦውን ቆረስኩለት። ሁለት ጊዜ ከጎረሰ በኋላ ቆመና የቀረውን አገላብጦ አየው።

“ሳንለካው በላነው” አለ።

ይቅር በለኝ አልኩት። እንዲሁ ተራ አድርጌ፣ ሰዓዳ እየሰማች። ትንሽ አኘከ፤ ዋጠ።

“ደግ አደረግሽ ያልኩሽ ዕለት ሌሊቱን ሙሉ አልተኛሁም” አለኝ። “ባታቃጥለው ኖሮ እያልኩ።”

ከጥቂት ሳምንት በኋላ ታጣቂዎቹ ከከተማው ወጡ። ይመር ግን የመድኃኒት እጦት የነበረባቸው ሳምንታት ኩላሊቱን ጎድተውት ኖሮ ብዙ አልቆየም። አንድ ኅዳር ዐሥራ አራት ብቻ ጨመረልን። በሚቀጥለው ክረምት ሄደ። ነፍሱን አሏህ ይማራት።

እናንተ ምናልባት ያ ቀን ሒሳብ አስወደደሽ ወይ ትሉኝ ይሆናል። አላስወደደኝም፤ አሁንም ማካፈል ላይ እሳሳታለሁ። የለወጠው ሌላ ነገር ነው። ከዚያ በፊት ትንሽ ውሸት ቤት ውስጥ የሚቀር ይመስለኝ ነበር፤ ባልሽን ለማሳረፍ “አቃጠልኩት” ብትይ ማንን ይጎዳል? የእኔ ትንሽ ውሸት በሌላ ሰው አፍ ገብታ መሐላ እንደምትሆን አላውቅም ነበር። ደግሞም አብሬው የኖርኩትን ሰው የቁጥር ፍቅር እንደ ልጅ ጨዋታ ስቄበት ኖሬ፣ በቃሌ እንደያዝኩት የገባኝ ሕይወቱ በእሱ ላይ ስትንጠለጠል ነው። ከባላችሁ ጋር ወይም ከሚስታችሁ ጋር ያላችሁ ሰዎች፣ የምትስቁበትን ነገር አንድ ቀን በጸጥታ ጠይቁት። እኔ መጠየቅ የጀመርኩት ዘግይቼ ነው፤ መልሱም ሳያልቅ ቀረብኝ።

ይመር ከሞተ በኋላ በመጣው ኅዳር ዐሥራ አራት ከሰዓዳ ጋር በውጫሌ በኩል ወደ አምባሰል ወጣሁ። መንገዱ ያስፈራ ነበር፤ ሄድን። አውድማው ዛሬ የይመር ታናሽ ወንድም ንብረት ነው። በዚያ ሳምንት ለቅልቆታል። እበቱ ገና አልደረቀም፤ በባዶ እግራችን ነበር የዞርነው። ሰዓዳ አንዱን ጫፍ ያዘች፣ እኔ ሌላውን። ዙሪያው ከድሮው አጥሯል፤ ወንድሙ አዝመራው በቀነሰ ቁጥር አውድማውንም ያጠብበዋል። የድሮው ቁጥር በቃሌ ስለሆነ አወቅሁ። ሲባጎውን በመሀል ስናመላልሰው ግን ሦስት ከትርፍ ሆነ። ሰዓዳ በአዲስ ወረቀት ላይ መንገዱን፣ ጅረቱን፣ ሾላውን ሳለች። ቀኑን ከግርጌው እኔ ጻፍኩ።

የመጀመሪያው ወረቀት የት እንደደረሰ አላውቅም። ያ መነጽሩ በሽቦ የታሰረ ሰው ይኑር ይሙት አላውቅም። ከእሱ ኪስ ወጥቶ በሌላ ሰው እጅ ገብቶ ይሆናል። ከእናንተ አንዱ በሰማያዊ እስክሪብቶ የተሳለ፣ ከሾላ ዛፍ በላይ አንድ ክብ ያለበት፣ ከግርጌው ኅዳር ዐሥራ አራት የሚል አሮጌ ወረቀት ቢያገኝ አይፍራ። ዒላማ አይደለም፤ አውድማ ነው። መልሱልኝም አልልም፤ ባለቤቱ ሰጥቶታል። ነገር ግን ካርታው መንገዱን ያሳያችኋል። በኅዳር ኑ፤ ሲባጎ እዚህ አለ። ብቻችሁን ግን አትምጡ።